“ለሣር ነው መብራት የምትገዛው?” ትለኛለች

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ይህን ዓምድ ስለምታነብ ስሜን አልጽፍም።

36 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንዲት የ7 ዓመት ልጅ አባት ነኝ። የምንኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከስድስት ወር በፊት ወደ ውጭ የሚሄድ የሥራ ባልደረባዬ አኳሪየሙን በቅናሽ ሸጠልኝ። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 36 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሥራ ስገባ ፊቱ ቁጭ ብዬ ማየት ለምዶብኛል። እንቅልፍ እስኪጥለኝ እዚያው የማመሽበት ቀን ብዙ ነው።

ዓሣዎቹ ደህና ናቸው። ያስቸገሩኝ ተክሎቹ ናቸው። ከሁለት ወር በፊት አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን እና ረጅም ሣር የሚመስለውን ቫሊስኔሪያ ገዝቼ ተከልኩ። ሣሩ ከጫፉ ጀምሮ እየሟሸሸ ነው። አኑቢያሱ ቅጠል ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ይጋገርበታል፤ ብጠርገውም በሳምንቱ ይመለሳል። ክዳኑ ላይ ያለው መብራት ትንሽዬ፣ ሰማያዊ ቢጤ ነው። ደካማ ስለሆነ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አበራዋለሁ። አኳሪየሙ በረንዳው መስኮት አጠገብ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይም ያገኘዋል።

ተክሎቹን የሸጠልኝ ሰው “የተክል መብራት ካልገዛህ ሁሉም ይሞታሉ” አለኝ። ዋጋው ከወር ደመወዜ ግማሽ ይበልጣል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ሐምራዊ የሚያበራውን የችግኝ መብራት ግዛ ይለኛል። ለባለቤቴ ሳነሳባት “ለሣር ነው መብራት የምትገዛው? የልጅቷ ምዝገባ ደርሶ እያየህ?” ብላ ዘጋችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ አኳሪየሙ ማውራት ትተናል። ክፉ ሰው ሆና አይደለም። በቀደም ለት መብራት ሄዶ ሌሊት ስነሳ፣ አኳሪየሙን ጋቢ አልብሳው አገኘሁት።

በሚቀጥለው ወር የእቁብ ተራዬ ይደርሳል። ገንዘቡ ለትምህርት ቤትና ለፍሪጅ የታሰበ ነው። ከላዩ ቀንሼ መብራቱን ልግዛና “ጓደኛዬ ሰጠኝ” ልበላት እላለሁ። መልሼ ደግሞ ባሰብኩት አፍራለሁ። ርካሽ መፍትሔ ይኖር ይሆን? ወይስ ሁሉንም ሸጬ ልገላገል?

መብራት ፈላጊው፣ ከሰሚት

መልስ፦

ወንድሜ፣ ያ ውድ መብራት አያስፈልግህም። ይህን ያስቀደምኩት እቁቡ ሳይደርስ ልብህ እንዲያርፍ ነው። የባለቤትህ ነገር ከአምፖሉ ይከብዳል፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ተክሎቹ ምን እንደነካቸው እንይ። ምክንያቱም ከጻፍከው ውስጥ ግማሹ ያለ ምንም ወጪ የሚስተካከል ነው።

15 ሰዓት ማብራትህ ከመጨነቅ የመጣ ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን የደካማ ብርሃን ጉድለት በሰዓት ብዛት አይሞላም። ተክል ለመኖር ብቻ የሚያወጣውን ጉልበት የሚተካለት የተወሰነ የብርሃን መጠን አለ። ከዚያ በታች ከሆነ ሙሉ ቀን ቢበራለትም አያድግም። አልጌ የሚባለው፣ ውኃ ውስጥ በመስታወትና በቅጠል ላይ የሚጋገረው ነገር ግን በትንሹም ይኖራል። ያ ቡናማ አቧራ የምትለው ራሱ የአልጌ ዓይነት ነው። ብርሃኑ ደከም ባለበትና ገና ባልረጋ አኳሪየም ላይ ይበዛል። አንተ ደግሞ ሳታውቅ 15 ሰዓት መብራት፣ በላዩ የጠዋት ፀሐይ ጨምረህ ጥሩ አድርገህ እየቀለብከው ነው።

ቫሊስኔሪያውስ? ሲሟሽሽ መሐሉን ዝቅ ብለህ አይተኸው ታውቃለህ? ይህ ተክል ውኃ ሲቀየርበት አሮጌ ቅጠሉን መጣል ልማዱ ነው። ከሥሩ አጠገብ፣ ከመሐል፣ አዲስና ጠባብ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ እያለ ከሆነ እየለመደ እንጂ እየሞተ አይደለም። የሟሸሸውን በመቀስ ቆርጠህ አውጣና ተወው። ነቅለህ ቦታ አትቀይርበት።

አኑቢያሱን በተመለከተ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እንዴት ነው የተከልከው? ቅጠሎቹ የሚወጡበት ጣት የሚያህል አግዳሚ ግንድ አለው። እሱ ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ጃቫ ፈርኑም እንደዚሁ ነው። ሁለቱንም ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር በክር ማሰር ነው የሚሻለው። ሥራቸው ራሱ ይይዛል። ደግሞም አኑቢያስ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ነው፤ በጫካ ጥላ ሥር፣ በወንዝ ዳር የሚያድግ። ብዙ ብርሃን አይፈልግም። እድገቱም አዝጋሚ ነው፤ አንድ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ተክል ኃይለኛ መብራት ሥር ብታስቀምጠው ቶሎ አያድግልህም፤ ቅጠሉ ላይ አልጌ ነው የሚሰፍርበት። “ሁሉም ይሞታሉ” ያለህ ሰው በእነዚህ ሦስት ተክሎች ላይ ትንሽ አጋኗል። ነጋዴ ነው፤ አልፈርድበትም።

ውድ መብራት ከንቱ ነው እያልኩህ አይደለም። ቀይ ቅጠል ያላቸውን፣ ወለሉን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍኑትን ተክሎች ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው ይገዛዋል። እሱ ግን አብሮ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በጠርሙስ ይገዛል፤ ፈሳሽ ማዳበሪያ ይጨምራል፤ በየሳምንቱ መቀሱን ይዞ ይሰለፋል። ብርሃኑ ብቻ በርትቶ ሌላው ከሌለ ትርፉ አልጌ ነው። አሁን ባለህበት ሁኔታ እዚያ ውስጥ መግባት የሚያዋጣህ አይመስለኝም።

እንግዲህ ምን ትገዛለህ? ያንተ አኳሪየም 65 ሊትር ገደማ ይይዛል። ለእነዚህ ተክሎች በሊትር ከ15 እስከ 25 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል። በድምሩ ከ1,000 እስከ 1,600 ሉመን መሆኑ ነው። ሉመን የሰው ዓይን የሚያየውን ብርሃን እንጂ ተክል የሚጠቀመውን አይለካም፤ ነጭ መብራትን ከነጭ መብራት ለማወዳደር ግን ያገለግላል። “ለአንድ ጋሎን ይህን ያህል ዋት” የሚል ምክር ከሰማህ እርሳው። እሱ የድሮው ፍሎረሰንት ዘመን ሒሳብ ነው፤ ለኤልኢዲ አይሠራም።

እኔ ብሆን የሰፈር የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብቼ ሁለት ባለ 10 ዋት ትንንሽ ፓውዛ እገዛ ነበር። አዎ፣ ያቺ በር ላይና ግቢ ውስጥ የምትሰቀለው። ብርሃኗ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ወደ ጣሪያና ወደ ግድግዳ አይባክንም። አብዛኞቹ 800 ሉመን አካባቢ ይሰጣሉ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሁሉ ግን አይታመንም፤ ስለዚህ ሳትከፍል ሁለቱንም አስበርተህ ጎን ለጎን እያቸው። ሳጥኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ፈልግ። ይህ የብርሃኑ ቀለም ነው፤ ከቀትር ብርሃን ጋር የሚቀራረብ ነጭ። ጥንካሬውን አይነግርህም። 3000 የሚለው ቢጫ ነው። ተክሉ በእሱም ያድጋል፤ ውኃው ግን ሻይ የተቀላቀለበት ይመስልሃል። አይፒ 65 የሚልም ይኑርበት፤ ውኃ ቢረጭበት የሚችል ማለት ነው። ውኃ ውስጥ መግባት ይችላል ማለት ግን አይደለም።

ሁለት ያልኩህ አንድ መብራት መሐል ላይ ሲሆን ጥግና ጥጉ ስለሚጨልም ነው። ከውኃው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ስቀላቸው። ከዚያ በኋላ የምትቆጣጠረው በከፍታው ነው። አልጌ ከበዛ ከፍ ታደርጋቸዋለህ፤ ሣሩ ቀጥኖ ወደ ላይ ብቻ ከተመዘዘ ዝቅ። ብርሃን የሚቀንስና የሚጨምር ማብሪያ ማጥፊያ መግዛት አያስፈልግም። ፓውዛ ካላማረህ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የኤልኢዲ ቱቦም አለ። ርዝመቱ ካንተ አኳሪየም ጋር ልክ ስለሆነ ብርሃኑን እኩል ያዳርሰዋል። ሁለት ብታደርግና ከላይ በነጭ ቆርቆሮ ብትከልለው ጥሩ ነው። ሐምራዊውን ተወው። ተክል ማሳደጉን ያሳድጋል፤ ግን ሳሎንህን ናይት ክለብ ነው የሚያስመስለው፤ ዓሣዎቹም ቀለማቸው አይለይም። ባለቤትህ ደግሞ ያኔ በእርግጥ ትቆጣለች።

አደራ የምልህ ገመዱን ነው። ውኃና 220 ቮልት ጎረቤት ሲሆኑ ቀልድ የለም። የፓውዛው አካል ብረት ስለሆነ አረንጓዴና ቢጫ ሽፋን ያለው ሦስተኛ ገመድ አለው፤ “መሬት” የሚባለው፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ነው። ብዙ ሰው ባለ ሁለት እግር ሶኬት ይሰካና ያችን ገመድ ቆርጦ ይጥላታል። አንተ አታድርገው። ባለ ሦስት እግር ሶኬት አስገጥምለት። የቤቱ ሶኬት ራሱ መሬት ያለው መሆኑን ኤሌክትሪሺያን ይይልህ። ለዚህ የምትከፍለው ገንዘብ አይቆጭም። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ እንደገና ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ካለ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ከታች ይንጠባጠባል። ኤክስቴንሽኑን ወለል ላይ አታስቀምጠው። እጅህን ውኃ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ሁሉንም ንቀል። ልጅህንም ይህን አስለምዳት።

ከመግዛትህ በፊት ግን ሦስት ሳምንት ያህል ታገሥና ነፃውን ሥራ ሥራ። ያለውን መብራት በቀን 7 ሰዓት ብቻ አብራ። ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብታደርገው ሁላችሁም ቤት በምትሆኑበት ሰዓት ይበራል። መብራቱን በሰዓቱ ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ማኑዋል ታይመር ብትገዛ ርካሽ ነው። ቁጥሩ በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 15 ላይ አስጀምረህ 22 ላይ አጥፋው። መብራት በሄደ ቁጥር ይህ ታይመር አብሮ ይቆማል፤ ሲመጣ ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኘዋለህ። ስለዚህ አልፎ አልፎ አስተካክለው። ያመለጠውን ሰዓት ለማካካስ ብለህ ግን አታስመሽ። ተክል ሁለት ሦስት ቀን በጨለማ ቢያድር ምንም አይሆንም። መብራት ሲሄድ የሚያሳስበው የዓሣዎቹ አየርና ሙቀት ነው።

ከመስኮቱ ለማራቅ ብለህ አኳሪየሙን ከነውኃው እንዳትገፋው። ውኃው ብቻ 65 ኪሎ ነው፤ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በፀሐዩ በኩል ያለውን ጎን ጥቁር ወረቀት ወይም ካርቶን ለጥፍበት፤ ይበቃዋል። በየሳምንቱ ከውኃው ሲሶውን ቀይር። የባሰበትን የአኑቢያስ ቅጠል ቁረጥ፤ ሌላውን በጨርቅ ጥረግ። ከዚያ አሮጌውን ቅጠል እያየህ አትዘን፤ የተጎዳ ቅጠል አይታደስም። የምታየው አዲስ የሚወጣውን ነው።

አሁን ወደ ባለቤትህ።

“ለሣር ነው መብራት የምትገዛው?” የሚለው ቃል እንደቆረቆረህ ያስታውቃል። የምትወደውን ነገር ሰው ሲያቃልልብህ ያማል። ግን ያቺው ሴት በሌሊት ተነስታ አኳሪየሙን ጋቢ አልብሳለች። ዓሣ የጠላ ሰው ይህን አያደርግም። ታዲያ የከለከለችህ ምኑን ይመስልሃል? አኳሪየሙን ነው ወይስ ዋጋውን? ሌላም ልጠይቅህ፤ እንዳትቀየመኝ። ከሥራ ገብተህ እንቅልፍ እስኪጥልህ እዚያው እንደምታመሽ ጽፈሃል። እሷ በዚያ ሰዓት የት ናት? ምናልባት ቅሬታዋ ከብሩ ይልቅ ከምሽቱ ጋር የተያያዘ ቢሆንስ? እኔ ቤታችሁ የለሁም፤ አላውቅም። ጠይቀህ የምትሰማው አንተ ነህ።

የእቁቡን ነገር አስበህ ማፈርህ ራሱ መልሱን ነግሮሃል፤ እኔ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ያ መብራት በየምሽቱ ሳሎን ውስጥ ይበራል። ልጅህም አንድ ቀን “አባዬ፣ ይህን ማን ሰጠህ?” ማለቷ አይቀርም። በየምሽቱ የምታየውን ነገር በውሸት መግዛት አድካሚ ነው። ደግሞ ባለቤትህ ይህን ዓምድ እንደምታነብ እያወቅህ ሰሚትን፣ ኮንዶሚኒየሙን፣ ጋቢውን ሳይቀር ጻፍክልኝ። ወንድሜ፣ ካነበበች እኮ ታውቅሃለች። እንድታውቅልህ ፈልገህ ይሆን? ከሆነ ጋዜጣው ቀድሞ እንዳይነግርብህ ዛሬውኑ አንተ ንገራት።

አነጋገሩ ከከበደህ እንዲህ ብለህ ጀምረው፦ “ያን ውድ መብራት ትቼዋለሁ። ሁለት ትንንሽ ፓውዛና ታይመር ይበቃኛል። ዋጋውን ጠይቄ እነግርሻለሁ። ከእቁቡ ሳይሆን ከኪስ ገንዘቤ ነው። ምን ትያለሽ?” ዋጋውን ስትነግራት የሶኬቱንና የኤሌክትሪሺያኑን አትደብቅ። ስለ ቆጣሪው ካነሳችብህም ሒሳቡ ቀላል ነው። 20 ዋት በቀን 7 ሰዓት ቢበራ በወር ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ የሚወስደው ማለት ነው። ማሞቂያ ከሰካህ ግን እውነቱን ንገራት፤ ከመብራቱ ይልቅ ቆጣሪ የሚያስሮጠው እሱ ነው። የአዲስ አበባ ሌሊት ብርድ ስለሆነ ለሞቃት ውኃ ዓሣ አስፈላጊ ነው። ላዩን በመስታወት መክደን፣ ጀርባውን በፎም መሸፈን ወጪውን ይቀንሰዋል።

ምሽቱንም ቢሆን ትንሽ አስብበት። መብራቱ 4 ሰዓት ላይ ሲጠፋ አንተም ተነሳ። ከዚያ በፊት ባለው ሰዓት ደግሞ ወንበሩን ለብቻህ ከምታደርገው ሶፋው ወደዚያ ቢዞርስ? ልጅህ ታይመሩን ትቆጣጠር፤ አዲስ ቅጠል ሲወጣ የምትቆጥረው እሷ ትሁን። ባለቤትህ ከፈለገች ትቀመጣለች፤ ካልፈለገች አታስገድዳት።

እምቢ ካለችስ? ምዝገባው እስኪያልፍ መብራቱም ይቆይ። አኳሪየሙን ብትሸጠውም የምታገኘው ብር ብዙ አይሆንም፤ ልጅህ ግን ታዝናለች። አኑቢያሱና ጃቫ ፈርኑ ባለው መብራት፣ ሳያድጉም ቢሆን፣ ጥቂት ወራት ይቆዩልሃል። ቫሊስኔሪያው ሊከዳህ ይችላል። ከሦስቱ ቶሎ የሚራባው እሱ ስለሆነ ኋላ ከአንድ ችግኝ ተነስተህ ወለሉን ልትሞላው ትችላለህ።